የማይበረው ካባ

በዲሴምበር 2019 (እዚህ ያሉት ዘመናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ጁሊየንስ የተባለው የአሜሪካ ጨረታ ቤት አንድ ቀይ ካባ ሸጠ። ካባው ንጉሥ አልነገሠበትም፤ ወርቀ ዘቦ የለበትም። ከዚያ 40 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ተዋናዩ ክሪስቶፈር ሪቭ “ሱፐርማን” በተሰኘው ፊልም የለበሰው ነው ተብሎ የቀረበ፣ ጀርባው ላይ ቢጫ የኤስ ፊደል ያለበት ጨርቅ ነው። ዋጋው 193,750 ዶላር ደረሰ። ለልጆች ልደት የሚሸጥ ተመሳሳይ ካባ ግን በጥቂት ዶላር ይገኛል፤ ጎበዝ ልብስ ሰፊም ያንኑ ቀለም፣ ያንኑ ርዝመትና ያንኑ ፊደል አስመስሎ መስፋት አያቅተውም። ታዲያ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ብዙ ሰው “ዝና ነዋ!” ብሎ ይመልሳል፤ ታዋቂ ሰው የነካው ነገር ዋጋው ይንራል ለማለት ነው። መልሱ ስሕተት ባይሆንም ጎደሎ ነው። ዝና ሰው ለምን ያን ያህል ገንዘብ እንደሚከፍል ይነግረን ይሆናል፤ አንዱ ካባ ኦሪጅናል፣ ሌላው ፎርጅድ የሚባለው በምን እንደሆነ ግን አይነግረንም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ይህ ነው፦ ከፊልም ሥራ የተረፈ ዕቃ እውነተኛ የሚሆነው በስክሪን ላይ ያየነውን ስለሚመስል አይደለም፤ ስክሪኑ የደበቀብንን ሥራ በገላው ላይ ስለተሸከመ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ፊልሙ እንዴት እንደተሠራ ማየት ያስፈልጋል። ሱፐርማን የአሜሪካ ጀግና ቢሆንም የ1978ቱ ፊልም አብዛኛው ሥራ የተከናወነው እንግሊዝ ውስጥ ነው። ቀረጻው በ1977 ሲጀመር የዳይሬክተሩ የሪቻርድ ዶነር ዋና ሰፈር ከለንደን ወጣ ብሎ የሚገኘው የፓይንውድ ስቱዲዮ ነበር፤ የሼፐርተን ስቱዲዮም አገልግሏል። ኒው ዮርክ የሜትሮፖሊስን ከተማ፣ የካናዳዋ አልበርታ ደግሞ ጀግናው ያደገበትን ስሞልቪልን ተክተው ተጫወቱ። ፕሮዲዩሰሮቹ አሌክሳንደርና ኢልያ ሳልካይንድ ከፒየር ስፔንግለር ጋር ሆነው የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን ክፍል ጎን ለጎን ለመቅረጽ ወሰኑ። ወጪው ወደ 55 ሚሊዮን ዶላር ወጣ፤ ይህም በዘመኑ ሰውን ያስደነገጠ ገንዘብ ነው። አልባሳቱን የነደፈችው ኢቮን ብሌክ ስትሆን፣ የሰፋው በርማንስ ኤንድ ናታንስ የተባለው የለንደን የቲያትርና የፊልም አልባሳት ቤት ነበር። ዋናውን ሚና ያገኘው ሪቭ ሲመረጥ 24 ዓመቱ ነው፤ ስሙ እምብዛም አይታወቅም፤ ሰውነቱም ለሱፐርማን ቀጭን ነበር። በ“ስታር ዋርስ” የዳርዝ ቬደርን ጥቁር ልብስ ለብሶ የተጫወተው ዴቪድ ፕራውስ ክብደት እያስነሣ ጡንቻውን አዳበረለት። ይህ ተራ ወሬ ይመስላል፤ ለአልባሳት መርማሪ ግን ትልቅ ፍንጭ ነው። በመጀመሪያው የሙከራ ቀረጻ ወቅት የሚታየው ትከሻና በሥራው መጨረሻ ላይ የሚታየው ትከሻ አንድ አይደሉምና፣ ልኩ ያልተለወጠ ልብስ ሁለቱንም ሊገጥም አይችልም።

የፊልሙ ማስታወቂያ ለተመልካቹ የገባው ቃል አንድ ነበር፤ ሰው ሲበር አይተህ ታምናለህ የሚል። በኮምፒዩተር ምስል መሥራት ባልተለመደበት ዘመን ይህን ቃል ለመጠበቅ ሪቭን በክሬን ላይ በሽቦ ማንጠልጠል፣ በዘንግ ላይ ማጋደም፣ በሰማያዊ ሸራ ፊት ማቆም ግድ ነበር። ዞራን ፔሪሲክ ዞፕቲክ የተባለ ዘዴ አመጣ፦ ካሜራውና የኋላውን ምስል የሚረጨው ፕሮጀክተር እኩል ሲያቀርቡና እኩል ሲያርቁ፣ ካለበት ያልተንቀሳቀሰው ተዋናይ ወደ ተመልካቹ እየበረረ የሚመጣ ይመስላል። እያንዳንዱ ዘዴ የራሱን ልብስ ጠየቀ። በሽቦ ለመንጠልጠል ከልብሱ ሥር የሚታጠቅ መቀነት ያስፈልጋል፤ ሽቦው የሚወጣበት ቀዳዳም ዳሌው ላይ ይከፈታል። በሰማያዊ ሸራ ፊት ሲቀረጽ ሰማያዊ ልብስ ከሸራው ጋር አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ ለዚህ ሥራ የተሰፋው ልብስ ወደ አረንጓዴ ያደላ ቀለም ተሰጠው፤ ወደ ሰማያዊነቱ የተመለሰው በኋላ የፊልሙ ቀለም ሲስተካከል ነው። ካባውም ቢሆን አንድ አልነበረም፦ ቆሞ ለመራመድ አንድ ዓይነት፣ ለመብረር ሌላ ዓይነት ተሠራ፤ ነፋስ የሌለበት አዳራሽ ውስጥ እንዲውለበለብ ከሥሩ የሚያራግበው ዘንግና ሞተር ተበጀለት። ተመልካቹ በስክሪኑ ላይ የሚያየው አንድ ልብስ የለበሰ አንድ ሰው ነው። ስቱዲዮው ውስጥ የተንጠለጠለው ግን እርስ በርሱ የማይመሳሰል የልብስ ክምር ነበር።

በፊልሙ መጀመሪያ ላይ የሚታየው የክሪፕተን ዓለም ይህን ነገር ይበልጥ ያጎላዋል። የሱፐርማንን አባት የተጫወተው ማርሎን ብራንዶና የአገሩ ሰዎች ነጭ ብርሃን የሚተፋ ልብስ ለብሰው ይታያሉ። ጨርቁ የራሱ መብራት የለውም፤ ስሪኤም የተባለው ኩባንያ ለፊልም መርጫ ሸራና ለመንገድ ምልክት ከሚያመርተው፣ በጣም ደቃቅ የብርጭቆ ጠጠር ከተነጠፈበት ቁስ የተሠራ ነው። ቁሱ የበራበትን ብርሃን ወደመጣበት አቅጣጫ ይመልሳል፤ መብራቱን ከካሜራው መስመር ጋር ሲያስተካክሉት ልብሱ በካሜራው ዓይን እንደ ኮከብ ይነዳል። የካሜራ ባለሙያው ጄፍሪ አንስወርዝ ይህን ብርሃን በሚገባ ተጠቀመበት፤ ፊልሙ ለእይታ ሳይበቃ በ1978 ስላረፈም መታሰቢያነቱ ለእሱ ሆነ። አሁን ይህን ልብስ ከካሜራው ፊት አንሥታችሁ በተራ ክፍል ውስጥ ስቀሉት። ግራጫ፣ ደረቅ፣ ሕይወት የሌለው ጨርቅ ነው። ፊልሙን ብቻ የሚያውቅ ሰው “ይህማ ፎርጅድ ነው፤ የት አለ ብርሃኑ?” ሊል ይችላል። የሚያበራ ልብስ ቢያመጡለት ደግሞ ደስ ብሎት ይገዛል፤ የተታለለውም ያን ጊዜ ነው።

ፎርጅድ ሠሪው ልብሱን የሚያውቀው እንደማንኛውም ተመልካች ከስክሪኑ ነው፤ ስለዚህ የሚቀዳው ምስሉን ነው። ቀለሙን ስክሪኑ እንዳሳየው ያቀልማል፤ ካባውን ፖስተሩ እንዳሳየው ያስረዝማል፤ የሽቦ ቀዳዳ ግን ምስሉ ላይ ስለማይታይ አይቀድም። የስቱዲዮው ሠራተኛ በበኩሉ ምስሉን አያውቀውም፤ ምስሉ ገና አልተፈጠረምና። እሱ የሚያውቀው የዛሬ ጠዋቱን ችግር ነው፤ ሽቦው የት ይውጣ፣ ላቡ እንዴት አይታይ፣ የተተረተረው ስፌት እስከ ምሳ ሰዓት እንዴት ይጠገን። ስለዚህ እውነተኛው ዕቃ ፊልሙን ከመምሰል ይልቅ ሥራውን ይመስላል። ከሱፐርማን ወጣ ብለን የባትማንን መኪና ብናይ ነገሩ ያው ነው። በ1966ቱ የባትማን ተከታታይ ድራማና ፊልም ላይ የሚታየው መኪና እንደ አዲስ የተሠራ አልነበረም፤ ጆርጅ ባሪስ የተባለው መኪና ቀያሪ በ1955 ለኤግዚቢሽን ከተሠራው ሊንከን ፉቱራ ላይ ለውጦ ያበጀው ነው። በኋላ ከዚሁ መኪና ላይ ቅርጽ እየተወሰደ በፋይበር ግላስ ቅጂዎች ተሠሩ። ቅጂዎቹ የባትማንን መኪና በደንብ ይመስላሉ፤ ሥራቸው መምሰል ነዋ። ኦሪጅናሉ ግን ከጥቁሩ ቀለም ሥር የብረቱን ፉቱራ ይዟል፤ ከድራማው በፊት የራሱ ሌላ ሕይወት ነበረው። በ2013 ለጨረታ ሲቀርብ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣው ይህ የብረቱ መኪና ነው።

እዚህ ላይ “ኦሪጅናል” የሚለው ቃል ራሱ አንድ ወጥ ትርጉም እንደሌለው ማወቅ ይገባል። በዚህ ገበያ ውስጥ ያሉ ሰዎች ዕቃን በደረጃ ይለያሉ። ከላይ የሚቀመጠው ዋናው ተዋናይ ለብሶት በካሜራ ፊት የቆመበት፣ በቅርብ ለሚነሣ ትዕይንት በጥንቃቄ የተሠራው ነው። ቀጥሎ በአደገኛ ትዕይንት ዋናውን ተዋናይ የሚተካው ሰው የለበሰው ይመጣል። ከዚያ ለመጠባበቂያ ተሰፍቶ ካሜራ ፊት ሳይቀርብ የቀረው አለ፤ ፊልሙን ለማስተዋወቅ በየከተማው ለማሳየት የተሠራም አለ። የሱፐርማን ልብስ ደግሞ ሌላ ውስብስብ ነገር አለበት፤ ሪቭ በ1980፣ በ1983 እና በ1987 በወጡት ተከታይ ክፍሎችም ያንኑ መልክ ያለው ልብስ ለብሷል። በጥቂት ገንዘብ ከተሠራው ከአራተኛው ክፍል የተረፈ ልብስ እውነተኛ የፊልም ልብስ ነው፤ ሪቭም ለብሶት ይሆናል፤ የ1978ቱ ነው ተብሎ ቢሸጥ ግን ውሸት ነው። በዚህ ገበያ በብዛት የሚያጋጥመው ማታለል ከባዶ የተፈጠረ ፎርጅድ አይደለም፤ እውነተኛ ዕቃ ከደረጃው በላይ ሲሾም ነው። ሻጩ አንዳንዴ ሆን ብሎ ያደርገዋል፤ አንዳንዴም እሱ ራሱ ከገዛበት ሰው የሰማውን በቅንነት ይደግመዋል።

ታዲያ በምን ይለያል? መርማሪው የሚጀምረው ከጨርቁ ነው። ልብስ ሰፊው ቤት በውስጥ በኩል የድርጅቱን መለያ ይሰፋል፤ ብዙ ጊዜም የተዋናዩን ስምና ልክ ይጽፍበታል። መለያ ግን ከአንድ ልብስ ተፈትቶ በሌላው ላይ ሊሰፋ ይችላል፤ ስለዚህ መርማሪው መለያው ራሱ በምን ክር እንደተሰፋ፣ ከሥሩ ያለው ጨርቅ ከዙሪያው ጋር እኩል ደብዝዞ እንደሆነ ያያል። ልክ ይለካል፤ የተዋናዩ ትከሻ፣ ወገብና ቁመት ከሌሎች ልብሶቹ ይታወቃልና። ዕድሜም አይደበቅም። የሚለጠጥ ጨርቅ ከአሠርት ዓመታት በኋላ ጉልበቱን ያጣል፤ የጎማ ስፖንጅ ይፈረፈራል፤ ሙጫ ይበልዛል፤ ላብ የነካው ቦታ ቀለሙን ይለውጣል። አርባ ዓመት ያለፈው ላስቲክ ትናንት ከሱቅ እንደወጣ የሚወጠር ከሆነ መጠራጠር ተገቢ ነው። በሌላ በኩል የድሮ ልብስ ከጊዜ በኋላ ታጥቦ፣ ተጠግኖ፣ ተከራይቶም ሊሆን ይችላል። አልባሳት ቤቶች ኑሯቸው በኪራይ ነው፤ ትናንት የጀግና የነበረው ልብስ ዛሬ ለሌላ ሥራ ይቆረጣል፤ ቀሚሱ ያጥራል፤ እጅጌው ይለወጣል። ስለዚህ ጉድለት ብቻውን የውሸት ማስረጃ አይሆንም፤ ሙሉነትም የእውነት ማስረጃ አይሆንም። መርማሪው የሚጠይቀው እያንዳንዱ ምልክት ምን ዓይነት ሥራ እንደሚናገር ነው።

ቀጣዩ እርምጃ ዕቃውን ከፊልሙ ጋር ማመሳከር ነው። ድሮ ይህ የማይሞከር ነበር፤ በቤት ቪዲዮ ካሴት ላይ የሚታየው ምስል የሰውን ፊት እንኳ በቅጡ አያሳይም። ብሉሬይና ከዚያም የ4ኬ ቅጂዎች ሲመጡ አንዱን ፍሬም አቁሞ ስፌት መቁጠር ተቻለ። ሁለት ልብሶች በአንድ ንድፍ ቢሰፉም የሰው እጅ ማሽን አይደለም። የደረቱ ኤስ ፊደል በአንዱ ልብስ ላይ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ በሌላው ላይ ጫፉ የተሸበሸበ ይሆናል። አበባ ወይም መስመር ያለበት ጨርቅ ከሆነ ሥራው ይቀልላል፤ መስመሩ ከስፌቱ ጋር የሚገናኝበት ነጥብ በሁለት ልብስ ላይ አንድ ሆኖ አይገኝም። እንደ ሱፐርማን ያለ ወጥ ቀለም ግን መርማሪውን ወደ ፊደሉ ጠርዝ፣ ወደ ቀበቶው ማያያዣና ወደ ጫማው እጥፋት ይገፋዋል። ቢሆንም አለመመሳሰል ሁልጊዜ ውድቀት አይደለም፤ ትዕይንቱ ከፊልሙ ተቆርጦ ወጥቶ፣ ወይም ልብሱ በሩቅ ብቻ ታይቶ ሊሆን ይችላል። መመሳሰል ግን በትክክል ሲገኝ ምስክሩ ፊልሙ ራሱ ስለሆነ ከየትኛውም የምስክር ወረቀት በላይ ይከብዳል።

ሦስተኛውና ዋናው ማስረጃ የእጅ ለእጅ ታሪኩ ነው። በአገራችን የርስት ክርክር ሲነሣ መሬቱ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ ሐረግ እየተቆጠረ፣ ምስክር እየተጠራ እንደሚጣራው ሁሉ፣ እዚህም ዕቃው ከስቱዲዮው በር ወጥቶ ዛሬ ካለበት እጅ እስኪደርስ ያለው መንገድ ይቆጠራል። የስቱዲዮ ሠራተኛ በስጦታ ወሰደው? አልባሳት ቤቱ ሸጠው? ለውድድር ሽልማት ተሰጠ? የእያንዳንዱ ርምጃ ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍ ወይም ደረሰኝ አለው? አበው “እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል” ይላሉ፤ በዚህ ሥራ ግን ንጋቱን ካልቀደሙት ይመሻል። ከፊልሙ የበረራ ምስሎች ጀርባ ከነበሩት ሰዎች አንዱ የሆነው ሌስ ቦዊ በ1979 መጀመሪያ፣ ባልደረቦቹ ለልዩ ውጤቶቹ የኦስካር ሽልማት ሳይቀበሉ አረፈ። ሪቭ በ2004፣ ኢቮን ብሌክ በ2018፣ ዶነርም በ2021 ተለዩ። “ይህን ቀዳዳ እኔ ነኝ የቀደድኩት” ብሎ የሚመሰክር ሰው በየዓመቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ከዕቃው ጋር አንድ ገጽ ደብዳቤ ከልብስ ሰፊው ተቀብሎ ያስቀመጠ ሰብሳቢ፣ ዕቃውን ብቻ ከገዛው ይበልጣል።

የምስክሮች ድምር ምን ያህል እንደሚያስኬድ ያሳየው የቀዮቹ ጫማዎች ጉዳይ ነው። ጁዲ ጋርላንድ በ1939ኙ “የኦዝ ጠንቋይ” ከተጫማቻቸው ጥንዶች አንዱ በ2005 ሚኒሶታ ውስጥ ከሚገኝ ሙዚየም ተሰረቀ። ኤፍቢአይ በ2018 ሲያገኘው የመጀመሪያው ጥያቄ ቅጂ ይሆን ወይስ ያው ጫማ የሚል ነበር፤ ለማጣራትም ወደ ስሚዝሶኒያን ተቋም ወሰደው። የተቋሙ ባለሙያዎች የራሳቸውን ጥንድ ከጎኑ አድርገው መረመሩ። ካገኟቸው ምስክሮች መካከል ጥሩውን ቀይ ጨሌ ለመተካት በቀይ ቀለም የተቀባ ተራ የብርጭቆ ጨሌ አለ። የሁለቱ ጥንዶች ግራና ቀኝም ተለዋውጠው ተገኙ፤ የተሰረቀው ግራ የስሚዝሶኒያኑ ቀኝ ጓደኛ ሆነ። ፊልሙን እየተመለከተ የሚቀዳ ሰው የተቀባውን ጨሌ ከየት ያመጣዋል? የጥገና ሠራተኛ በችኮላ የሠራው፣ ቢታወቅ ሊያፍርበት ይችል የነበረ ነገር ከሰማንያ ዓመት ገደማ በኋላ የእውነተኛነት ምስክር ሆኖ ቆመ። ያ ጥንድ በዲሴምበር 2024 በጨረታ 28 ሚሊዮን ዶላር ተጠራበት፤ ከጨረታ ቤቱ ኮሚሽን ጋር 32.5 ሚሊዮን ደረሰ።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሣል። ቅጂው ለዓይን አንድ ከሆነ፣ ለልጅም ያንኑ ደስታ ከሰጠ፣ ስለማይታይ ቀዳዳ መጨነቅ ምን ይሉታል? ተቃውሞው ለጌጥ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው። ሳሎኑን በሱፐርማን ምስል ማሳመር የሚሻ ሰው ጥሩ ቅጂ ቢገዛ ገንዘቡንም እንቅልፉንም ያተርፋል፤ ቅጂ ነኝ የሚል ቅጂ ማንንም አይዋሽም። ነገር ግን ቅጂው ሊመልሰው የማይችል ጥያቄ አለ። ሰው እንዴት በረረ? ልብሱ ለምን ወደ አረንጓዴ አደላ? የክሪፕተን ሰዎች ብርሃን ከየት መጣ? ቅጂውን ለመቶ ዓመት ብትመረምሩት ቅጂውን ስለሠራው ሰው እንጂ ስለ ፊልሙ ምንም አይነግራችሁም። የኮሚክ መጽሐፍ ሰብሳቢዎች ከዚህ ችግር በከፊል ነፃ ናቸው። ሱፐርማን በ1938 የተወለደበት “አክሽን ኮሚክስ” ቁጥር 1 በማተሚያ ቤት ተባዝቶ የወጣ ስለሆነ አንዱን ቅጂ ከሌላው ጋር እያነጻጸሩ ደረጃ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ፤ በ2014 አንዱ ቅጂ ከ3.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሸጥ ዋጋውን የወሰነው ይኸው ደረጃ ነው። የፊልም ልብስ ግን እንዲህ ያለ እህት ቅጂ የለውም፤ እያንዳንዱ ለየራሱ ችግር የተሰፋ ነውና።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይመራል። ይህ ሁሉ የሀብታም ቅንጦት አይደለም ወይ? አንድ ካባ በቤት ዋጋ መግዛት ከጣዖት አምልኮ በምን ይለያል? ገበያው ስስትና ጉራ የለበትም ማለት አይቻልም፤ አለበት። ግን ሰብሳቢ ባይኖር ኖሮ እነዚህ ዕቃዎች የት ይሆኑ ነበር ብሎ መጠየቅም ፍትሕ ነው። ስቱዲዮዎች ለረጅም ዘመን ያገለገለን ዕቃ የሚያዩት እንደ ቆሻሻ ወይም እንደ ጥሬ ዕቃ ነበር። ትልቁ ኤምጂኤም በ1970 ቦታ ለማስለቀቅና ገንዘብ ለማግኘት ሲል የአልባሳትና የቁሳቁስ ክምችቱን ለጨረታ በተነው፤ ከቀዮቹ ጫማዎች አንድ ጥንድ ያን ጊዜ በ15,000 ዶላር ሲሸጥ ሰው በዋጋው ተደነቀ። ተዋናይት ዴቢ ሬኖልድስ ከዚያ ጨረታ ጀምሮ ብዙ አልባሳት እየገዛች ሙዚየም ለማቋቋም ዓመታት ለፋች፤ አልተሳካላትም። በ2011 ስብስቧን ለመሸጥ ስትገደድ ማሪሊን ሞንሮ የለበሰችው ነጭ ቀሚስ ብቻውን ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እናያለን። ገንዘቡ የመጣው ፍቅሩ ቀድሞ ስለመጣ ነው። ቀሚሱም ለገንዘቡ ቀን የበቃው ዋጋ በሌለው ጊዜ የጠበቀችው ሰው ስለነበረች ነው።

“እንግዲያው ሙዚየም ይግባ፤ ለምን በአንድ ሰው ቁም ሣጥን ይታሰራል?” የሚል ሦስተኛ ተቃውሞ ይከተላል። በመርሕ ደረጃ ልክ ነው፤ በተግባርም አንዳንዱ ገብቷል። በ1950ዎቹ የቴሌቪዥን ሱፐርማንን የተጫወተው የጆርጅ ሪቭስ ልብስ ዋሽንግተን በሚገኘው የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። ነገር ግን ሙዚየም አንድ ልብስ ይበቃዋል፤ እሱም የሚመርጠው ሰው የሚያውቀውን፣ ያማረውን፣ ከፖስተሩ ጋር የሚስማማውን ነው። ወደ አረንጓዴ ያደላው የበረራ ልብስ፣ የተቀደደው መጠባበቂያ፣ ካባውን ያራግብ የነበረው ዘንግ ለጎብኚ አይማርኩም። እነዚህን የሚያስጠጋው በአንድ ፊልም የተለከፈ ሰብሳቢ ነው። ከሙዚየሙ ጋር ያለው ግንኙነትም የጠላትነት ሳይሆን የመሸጋገሪያ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ በግል እጅ በጥንቃቄ የተያዘ፣ ታሪኩ የተጻፈ ዕቃ ነገ ለተቋም ሲበረከት ሙሉ ሆኖ ይገባል። ሰብሳቢውን ልንወቅሰው የሚገባን ዕቃውን ስለያዘ ሳይሆን ፎቶግራፉን፣ ልኩንና ታሪኩን ከተመራማሪ ሲደብቅ ነው።

አራተኛው ተቃውሞ ግን ክርክሩን ከመሠረቱ ይነቀንቀዋል። ሥራውን መሸከም የእውነት ምልክት ከሆነ፣ ብልጥ ፎርጅድ ሠሪ ይህንን አንብቦ ቀዳዳውን ይቀድ የለም? ላቡን በሻይ ውኃ አያስመስልም? ያስመስላል፤ እየሆነም ነው። መልሱ ምልክቱ ብቻውን ሳይሆን ምልክቶቹ እርስ በርሳቸው መስማማታቸው ነው የሚል ነው። ቀዳዳው ካለ ቀዳዳው የሚያገለግለው መቀነት ከልብሱ ልክ ጋር መግጠም አለበት፤ ልኩ ሪቭ በዚያ ወር ከነበረው ሰውነት ጋር፣ ቀለሙ በሽቦው ከተቀረጸው የትዕይንት ዓይነት ጋር፣ ታሪኩም ልብሱን ሊያገኝ ይችል ከነበረ ሰው ጋር መስማማት አለበት። አንድ ምልክት መዋሸት ቀላል ነው፤ አሥሩን አስማምቶ መዋሸት ግን ፊልሙን እንደገና የመሥራት ያህል ይከብዳል። ስለዚህም ነው የእውነተኛነት የምስክር ወረቀት የሚባለው ነገር ብቻውን የማያስተማምነው። ወረቀቱ የሚመዝነው የጻፈውን ሰው ዕውቀትና ድፍረት ያህል ነው፤ “እውነተኛ መሆኑን አረጋግጣለሁ” ከማለት አልፎ በምን እንዳረጋገጠ የማይናገር ወረቀት ከወረቀትነት አያልፍም። ጥንቁቅ ገዢ ለሻጩ “ኦሪጅናል ነው ወይ?” ብሎ አይጠይቅም፤ መልሱ ይታወቃልና። “በየትኛው ትዕይንት፣ ለየትኛው ሥራ ተሰፋ? ከማን እጅ መጣ? ስሕተት ሆኖ ቢገኝ ገንዘቤን ትመልሳለህ?” ብሎ ይጠይቃል።

ይህ አመለካከት ከተያዘ መሰብሰብ የባለጠጎች ብቻ መሆኑ ያበቃል። ሥራውን የሚሸከመው ካባው ብቻ አይደለምና። የዕለቱን ቀረጻ የሚዘረዝር ወረቀት፣ እርሳስ የነካው የስክሪፕት ገጽ፣ የትዕይንቱን ተከታታይነት ለመጠበቅ የተነሣ ፎቶግራፍ፣ ለሠራተኞች የተሰጠ ጃኬት ከአልባሳት እጅግ ባነሰ ዋጋ ይገኛሉ፤ ስለ ፊልሙ የሚናገሩት ግን አንዳንዴ ከካባው ይበልጣል። የሱፐርማን ሁለተኛ ክፍል ዕጣ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ዶነር አብዛኛውን ቀርጾ ከጨረሰ በኋላ ከሥራው ተነሥቶ በሪቻርድ ሌስተር ተተካ፤ የእሱ ቅጂ ለሩብ ምዕተ ዓመት ሳይታይ ቀረ። በ2006 የዶነር ቅጂ ሲወጣ ሊገጣጠም የቻለው በመጋዘን ተጥሎ የነበረው ፊልም ስለተረፈ ነው። ሳይቀረጽ የቀረ አንድ ወሳኝ ትዕይንት ደግሞ በሪቭና በተዋናይት ማርጎት ኪደር የሙከራ ቀረጻ ተሞላ፤ ሪቭ በአንዱ ምስል ቀጭን ሆኖ በሌላው ጎልምሶ መታየቱን ማንም ሊደብቀው አልቻለም፤ አልሞከሩምም። ለመታየት ያልተሠራ፣ ለቢሮ ብቻ የታሰበ ቀረጻ አንድን ፊልም ከሞት አስነሣ።

በጨረታ አዳራሽ የተሰቀለ ቀይ ካባ አይበርም። በፎቶግራፍ ሲያዩት ጨርቁ ዝም ብሎ ይንጠለጠላል፤ ነፋስ አያነሣውም። ፊልሙን ብቻ የወደደ ሰው ሊያዝን ይችላል። ሥራውን የሚያውቅ ግን ካባውን ገልብጦ ውስጡን ይፈትሻል፤ የሽቦ ምልክት፣ የተደገመ ስፌት፣ የመለያ ጨርቅ ካገኘ ያን ጊዜ ዋጋውን መጥራት ይጀምራል።